ሲንትና ፈዝ ሲታረቁ

ጊታር አልጫወትም። ያለኝ ኮርግ ሚኒሎግ ነው፤ አራት ኖታ በአንዴ የሚያወጣ፣ 37 ትንንሽ ቁልፎች ያሉት አናሎግ ሲንተሳይዘር (ባጭሩ ሲንት፣ ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ)። ድምፁን በጣም እወደዋለሁ። ግን አንዳንዴ ንጽሕናው ይበዛብኛል። ሻከር ያለ፣ ጠርዙ የተቀደደ ነገር አማረኝ። ስለዚህ ሦስት ፔዳል (ጊታሪስቶች በእግር እየረገጡ ድምፅ የሚለውጡበት ሳጥን) ይዤ ሳምንታት ከረምኩ፦ ፈዝ ፌስ፣ ቢግ መፍና ራት። ፈዝ የሞገዱን ጫፍ ክፉኛ እየቆረጠ ድምፁን የሚያሻክር ፔዳል ነው። ራት እንኳን በስሙ ዲስቶርሽን (ከፈዝ ለዘብ ያለ ማሻከሪያ) ነው፤ ግን ጎረቤት ስለሆነ አብሮ ይታይ ብዬ ነው።

መጀመሪያ የሰካሁት ፈዝ ፌስን ነው። በ1966 የወጣ፣ ጂሚ ሄንድሪክስ የተጫወተበት፣ ክብ ቆርቆሮ ውስጥ የተቀመጠ ፔዳል ነው። ሁለት ትራንዚስተር፣ ሁለት ኖብ (የሚዞር ቁልፍ)፣ በቃ። ታሪኩን ሳስብ ድምፁ ቤቱን ያናውጠዋል ብዬ ነበር። የወጣው ግን ቀጭንና የሚጮህ ነገር ሆነ። ኖታው ሊያልቅ ሲል ድንገት ቁርጥ ይላል። ፔዳሉ የተበላሸ መሰለኝ።

አልተበላሸም። ጥፋቱ የጋብቻው ነው። የጊታር ፒካፕ (የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) የሽቦ ጥቅል ነው፤ በሺዎች የሚቆጠር ኦም ተቃውሞ አለው። ፈዝ ፌስ ደግሞ መግቢያው ላይ ሲግናሉን በደንብ የሚጎትት ፔዳል ስለሆነ፣ ያ ጥቅል የሰርኪዩቱ አንድ አካል ይሆናል፤ ድምፁን የሚያለሰልሰውም እሱ ነው። ሲንት ይህ የለውም። መውጫው ጠንካራ ነው፤ ተጎተተ ብሎ አይለሰልስም። በዚያ ላይ ይጮሃል። ፒካፕ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ጥቂት መቶ ሚሊቮልት ነው፤ የስቱዲዮ ዕቃዎች የሚነጋገሩበት ላይን ሌቭል ግን 1.23 ቮልት ነው።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ አገኘሁት። ባለ 100 ኪሎ ኦም ፖቴንሺዮሜትር (በኖብ የሚስተካከል ተቃውሞ) በትንሽ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ በየድኩና ከሲንቱ ወደ ፔዳሉ በሚሄደው መስመር መሐል አስገባሁት። ኖቡን ቀስ እያልኩ ሳዞር ጩኸቱ ሟሟ። ግማሽ አካባቢ ሲደርስ ድምፁ ሥጋ አወጣ። ጊታሪስቶች ቮልዩማቸውን ቀነስ አድርገው ፈዙን የሚያጠሩት ነገር ለእኔም መጣልኝ። የሲንቱን ቮልዩም ብቻ መቀነስ ግን ይህን አይሰጣችሁም። ሲግናሉን ያሳንሰዋል እንጂ ተቃውሞ አይጨምርለትም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር፣ ስለደረሰብኝ። አንዳንድ በጀርመኒየም ትራንዚስተር የተሠሩ አሮጌ ፔዳሎች ግራውንዳቸው (ከቆርቆሮውና ከኬብሉ ሽፋን ጋር የተያያዘው ጫፍ) እንደተለመደው ኔጌቲቭ ሳይሆን ፖዘቲቭ ነው። እንዲህ ያለ አንድ የተዋስኩትን ፔዳል ከሌሎቹ ጋር በአንድ ባለ ብዙ ጫፍ አዳፕተር ላይ ሰካሁት። ሁሉም በአንዴ ጸጥ አሉ። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ በኬብሎቹ ሽፋን በኩል ተገናኝተው ሾርት ሆኖ ነው። እንዲህ ያለውን በባትሪ ወይም ለብቻው በተለየ ፓወር አስነሱት።

ቢግ መፍ ጋ ስመጣ ነገሩ ተለወጠ። ኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ በ1969 ያወጣው ነው። ቮልዩም፣ ሰስቴይንና ቶን የሚባሉ ሦስት ኖቦች አሉት። ውስጡ አራት የትራንዚስተር ደረጃ አለ፤ ሁለቱ የሞገዱን ጫፍ በዳዮድ ይቆርጣሉ። በአንዴ ሳይሆን በሁለት ዙር ስለሚቆረጥ ድምፁ የተላገ ያህል ረዥምና ለስላሳ ይሆናል። መግቢያው ላይም እንደ ፈዝ ፌስ አይነጫነጭም። የሲንቱን ቮልዩም ሲሶ ላይ አድርጌ ሰካሁት፣ ሠራ።

ያን ምሽት ያደረግኩትን ልንገራችሁ። አንድ ኦሲሌተር (ሞገዱን የሚያመነጨው ክፍል) ብቻ፣ ትራያንግል ሞገድ፣ ከታች ያለው ዶ። ቀጫጭን ድምፆችን የሚያግደውን ፊልተር ሙሉ በሙሉ ዘጋሁት። ከዚያ ቀስ እያልኩ ከፈትኩት። ሚኒሎግ የሞገዱን ቅርጽ የምታሳይ ትንሽ ስክሪን አለችው፤ እዚያ ላይ የሚታየው የዋህ ሦስት ማዕዘን ነው። ከስፒከሩ የሚወጣው ግን ወንበሬን ያንቀጠቀጠ ወፍራም ጉርምርምታ ነበር። ሬዞናንሱን (ፊልተሩ የሚቆርጥበትን ቦታ የሚያጎላውን ኖብ) ትንሽ ከፍ ሳደርግ የፊልተሩ ፉጨት ከጉርምርምታው ላይ ብቅ አለ፤ ሰው አፉን ቀስ ብሎ ሲከፍት የሚያወጣውን ድምፅ መሰለ። ደጋግሜ ሠራሁት። እጄን ከፊልተሩ ኖብ ላይ ማንሳት አቃተኝ።

ሞገዱን ወደ ስኩዌር (አራት ማዕዘን) ሳዞረው ግን ብዙም አልተለወጠም። ጫፉ አስቀድሞ የተቆረጠ ሞገድ ዳግም ምኑ ይቆረጣል? ለፈዝ ትራያንግል ስጡት፤ ብዙ የሚበላው ነገር ያገኛል።

ኮርድ (በአንዴ የሚመቱ ኖታዎች) ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፈዝ ሁለት ኖታ ሲገባለት የሁለቱን ልዩነትና ድምር ከራሱ ይፈጥራል። 220 ኸርዝ ላና በላዩ ያለውን ሚ ስጫወት ልዩነታቸው ወደ 110 ይጠጋል፤ እሱም ያው ላ ነው፣ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ። ስለዚህ ያምራል፣ ቤዝ የተጨመረበት ይመስላል። ላና ዶ ሻርፕ ስጫወት ግን 57 ኸርዝ አካባቢ የሆነ ነገር ይወጣል። ታችኛው ላ 55 ነው። ከእሱ ትንሽ ስለሚዛነፍ ድምፁ ጭቃ ይሆናል። አሁን በመፍ የምጫወተው አንድ ኖታ ወይም ፊፍዝ (እንደ ላና ሚ ያለ ጥንድ) ብቻ ነው።

የኢንቬሎፑን ሪሊዝም (ቁልፉ ከተለቀቀ በኋላ ድምፁ የሚቆይበትን ጊዜ) አሳጠርኩት። ፈዝ ትንሹንም ትልቁንም እኩል ስለሚያደርግ፣ እየጠፋ ያለው ኖታ አይጠፋም፤ ከሚቀጥለው ጋር ይደባለቃል። ይኸው ጠባይ ደግሞ በሌላ በኩል ስጦታ ነው። የሚኒሎግ ዲሌይ (ማሚቶ የሚሰጠው ክፍል) ውስጡ ስላለ ከፔዳሉ ይቀድማል። የማሚቶው ድግግሞሽ ሁሉ ፈዝ ውስጥ ያልፋል ማለት ነው። እየራቀ መሄድ የነበረበት ማሚቶ ወደ ፊት ይመጣል፤ ግድግዳው ራሱ መልሶ የሚጮህባችሁ ይመስላል። ጊታሪስት ይህን ለማግኘት የዲሌይ ፔዳል ከፈዙ በፊት መሰካት አለበት።

መፍ አንድ ጉድለት አለው፤ 1000 ኸርዝ አካባቢ ሚዱን (መካከለኛውን ድምፅ) ይጎደጉዳል። ለብቻው ሲሰማ ግዙፍ ነው፤ ከበሮና ዘፈን ሲገባበት ወደ ኋላ ይሸሻል። ለቤዝ መስመር የሚፈልግ ሰው ቤዝ ቢግ መፍን ይመልከት፤ ያልተነካውን ድምፅ ከፈዙ ጋር የሚደባልቅ ማብሪያ አለው።

ራት? ሰካሁት፣ ሠራ። መግቢያው ማንኛውንም ሲንት ያለ ጭቅጭቅ ይቀበላል። ፊልተር የሚለው ኖብ ወደ ቀኝ ሲዞር ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) ስለሚቆርጥ ለመልመድ ጊዜ ይወስዳል። ዲስቶርሽን የሚለውን ኖብ ዝቅ አድርጋችሁ ሦስት ኖታ ያለው ኮርድ ብትጫወቱም ኖታዎቹ ይለያሉ። ጥሩ ዕቃ ነው። እኔ የፈለግኩት ግን ጉርምርምታውን ነበር፤ ራትን ለባለቤቱ መለስኩ።

መፉ አሁን ከሲንቱ አይነቀልም። ሰስቴይኑ ከግማሽ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ቶኑ ወደ ግራ። ፈዝ ፌስም ከነቆርቆሮ ሳጥኑ እኔው ጋ አለ። አንዳንድ ማታ ሳጥኑን ነቅዬ ቀጥታ እሰካዋለሁ፤ ያ ቀጭን፣ ኖታው ሊያልቅ ሲል ቁርጥ የሚለው ድምፅ ለአንድ ዜማዬ በጣም አስፈልጎኛል።