እናቴን ዳስሳ ላከመችልኝ ሐኪምና ላስተማራት ትምህርት ቤት ምስጋና

እግዚአብሔር ይስጥልን! ይህን የምጽፈው ሚዙሪና አካባቢዋ ላላችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ እናት አባታችሁን ከአገር ቤት ላመጣችሁ ነው። እናቴ ትከሻዋን ታማ ነጠላዋን ማጣፋት እንኳ አቅቷት ነበር። አሁን ተመስገን፣ ደህና ናት። ያከመቻት ሐኪም እዚሁ ሚዙሪ፣ ከርክስቪል ከተማ በሚገኘው ኤ. ቲ. ስቲል ዩኒቨርሲቲ የተማረች ዲ.ኦ. (የኦስቲዮፓቲ ሕክምና ዶክተር) ናት።

ከዚያ በፊት ያየነውስ አይጣል ነው። የት እንደሆነ አልናገርም። ቀጠሮ ስንጠብቅ ከርመን ስንገባ፣ ሐኪሙ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ «ዕድሜ ነው» ብሎ ማስታገሻ ጻፈልን። ማስታገሻው ጨጓራዋን አቃጠላት። ሌላ ቦታ ደግሞ የስልክ አስተርጓሚው መስመር ተቋረጠ፤ መልሶ የሚደውል ጠፋና እናቴ ተናግራ ሳትጨርስ ተሰናበትን። እዚያም እዚህም አንድ ሰው ትከሻዋን አልነካውም። የሚያማት እኮ ትከሻዋ ነው! ሂሳቡ ግን ሳይዘገይ ቤት ድረስ መጣ። እናቴ ማታ ማታ «ልጄ፣ አገሬ መልሺኝ፣ እዚያ ወጌሻ አለ» እያለች ስታለቅስ ምን ልበላት?

ይህቺ ዶክተር ወንበሯን ስባ እናቴ ፊት ለፊት ተቀመጠች። በአስተርጓሚ «ልንካዎት?» ብላ አስጠየቀች። እሺ ስትባል እጆቿን አሻሽታ አሞቀችና አንገቷን፣ የጎን አጥንቷን፣ ጀርባዋን ቀስ ብላ ዳሰሰች። እናቴ ስትተነፍስ እጇን ሳታነሳ ትጠብቃታለች። ምን ምን እንዳደረገች እኔ አልገባኝም፤ እናቴ ግን ዓይኗን ጨፍና «እፎይ» ስትል ሰምቻለሁ። ኤክስሬይም አዘዘች፣ የደም ግፊት መድኃኒቷንም አንድ በአንድ አየች። ቤት የምትሠራውን እንቅስቃሴ ራሷ እየሠራች አሳየቻት። ቀጠሮ በቀጠሮ እየቀለላት መጣ፤ ዘንድሮ ለፋሲካ የዶሮውን ሽንኩርት ያማሰለችው እናቴ ናት!

እንዲህ ያለ ሐኪም ከየት ይወጣል ብዬ እናቴን ይዤ ከርክስቪል ሄድኩ። እዚያ ሙዚየም አለ። የዩኒቨርሲቲው መሥራች ዶክተር አንድሩ ቴይለር ስቲል የተወለዱባት የግንድ ጎጆና የመጀመሪያዋ ባለ ሁለት ክፍል ትምህርት ቤት ተጠብቀው ይታያሉ። ዶክተር ስቲል ሐኪም ሆነው ሳለ እ.ኤ.አ. በ1864 ሦስት ልጆቻቸውን በማጅራት ገትር ቀበሩ። የዘመኑ ሕክምና ሜርኩሪ ማጠጣትና ደም ማፍሰስ ነበርና አላዳነላቸውም። እናቴም ልጅ ቀብራለች፤ ይህን ስነግራት «ውይ አባቴን!» ብላ ጎጆዋ በር ላይ ቆመች፣ ብዙ ጠበቅኋት። ስቲል ከዚያ በኋላ የሰውን አካል እንደ አንድ ሙሉ ነገር የሚያይ ሕክምና ፈለጉ፤ ኦስቲዮፓቲ የሚባለው ይኸው ነው፤ በ1874 ሐሳባቸውን ይፋ አደረጉ። ብዙ ቦታ ተገፍተዋል። ከርክስቪል ግን በሽተኛው በባቡር ይጎርፍላቸው ጀመር፣ በ1892ም ትምህርት ቤቱን ከፈቱ። ዓላማው የጊዜውን ቀዶ ሕክምና፣ የማዋለድ ሥራና አጠቃላይ ሕክምና ማሻሻል ነበር። ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ለሴት በራቸውን በዘጉበት ዘመን ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ሴቶችን አስተምረዋል። ለዚህ ብቻ እንኳ ክብር ይገባቸዋል።

ዲ.ኦ. ሲባል የምትጠራጠሩ አላችሁ፣ አትጠራጠሩ። አሜሪካ ውስጥ ሙሉ ሐኪም ነው፤ በ50ዎቹም ስቴቶች መድኃኒት ያዛል፣ ቀዶ ሕክምና ይሠራል። በዚያ ላይ በእጅ መመርመርና ማከምን ወደ 200 ሰዓት ይማራል። አውሮፓ ያላችሁ ግን ልብ በሉ፤ እናንተ ዘንድ ኦስቲዮፓት የሚባለው ሐኪም ላይሆን ይችላል፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ዶክተርዬ፣ እጅሽ ይባረክ! ያስተማሩሽም ይባረኩ። እናት አባታችሁን የሚያማቸው፣ እባካችሁ ቀጠሮ ስትይዙ «ዲ.ኦ. አላችሁ ወይ? በእጅ ያክማል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የእሷን ስም እዚህ አላወጣም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ቋንቋ የሚያስቸግራችሁም ካላችሁ ንገሩኝ፣ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።