ሚሺጋን ወይስ የሺቫ?

የአይሁድ ማኅበረሰብ ድርጅት መምራት ለሚፈልግ የሶሻል ወርክ ተማሪ አሜሪካ ውስጥ ብዙ በር አለ። እኔ ሁለቱን ላነጻጽር።

አን አርበር ያለው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ማስተርሱን ከአይሁድ ጥናት ማዕከሉ ጋር አጣምሮ ይሰጣል። ዩኒቨርሲቲው የመንግሥት ነው፤ ክፍሉም የሁሉም ዓይነት ሰው ነው። ኒው ዮርክ ያለው የየሺቫ ዩኒቨርሲቲ ዉርዝዋይለር የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1957 ተከፈተ። እዚያ የአይሁድ ሰንበትና በዓል ኑሮው ራሱ ናቸው። ተማሪው ግን ሁሉም አይሁዳዊ አይደለም።

ልዩነቱ ሥራ ላይ ይታያል። አርብ ከሰዓት አንዲት አሮጊት ቤት ሄድክ እንበል። ሰንበት የሚገባው አርብ ማታ ነውና ፀሐይ ሳትጠልቅ ሻማ ማብራት አለባቸው። ይህን ካላወቅህ ፎርምህን ዘርግተህ ታስጨንቃቸዋለህ። የሺቫ ይህን ሳትጠይቅ ትማራለህ።

ዕውቀቱ ሲጎድል ምን እንደሚሆን የእኛ ሰዎች ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1984 በተጀመረው የሙሴ ዘመቻ ከሱዳን በአውሮፕላን ተወስደው እስራኤል የገቡትን ቤተ እስራኤላውያን የተቀበሉት ብዙዎቹ ባለሙያዎች አማርኛም ትግርኛም አይችሉም ነበር። ልጅ ያስተረጉማል፤ አባት አቀርቅሮ ይሰማል።

ስለዚህ ከውጭ ለሚመጣ የሺቫን እመርጣለሁ። እዚያው ማኅበረሰብ ውስጥ ላደገ ግን ሚሺጋን ይሻለዋል፤ ሻማውንማ ከእናቱ ተምሮታል።