በደሴ ፒያሳ የዊሊያም ጆንስን ዘር ያፈላለገልኝ ቤት

ፒያሳ ካሉት የጽሕፈትና የኮምፒውተር አገልግሎት ቤቶች ወደ አንዱ የሄድኩት፣ ከማመልከቻና ከፎቶ ኮፒ ሥራው ጎን ለጎን የውጭ አገር መዛግብትን በኢንተርኔት እንደሚያፈላልግ ሰምቼ የእናቴን አባት ዘመዶች ለማግኘት ነበር። አያቴ በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ከደሴ ሲለቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የገባ ሹፌር ነበር። ከእርሱ የቀሩን የወታደር ደብተሩ ጥቂት ቅጠሎች ሲሆኑ፣ ስሙ ዊሊያም ጆንስ፣ ልደቱ መጋቢት 1914 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ የትውልድ አገሩ በዌልስ ግላሞርጋን፣ ቅርብ ዘመዱ ደግሞ እናቱ ማርጋሬት እንደሆኑ ከእናቱ መንገድ ስም ጋር ተጽፎባቸዋል። ይህ ለእኛ ብዙ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ዌልሶች ቀድሞ እንደ እኛው በአባት ስም ይጠሩ ስለነበርና ቋሚ የቤተሰብ ስም ሲይዙ የብዙ ዮሐንሶች ልጆች ጆንስ ሆነው ስለቀሩ፣ በዚያ አገር ይህ ስም ብቻውን ማንንም አይለይም።

ከዚህ በፊት፣ ስሙን የማልጠራው ሌላ ቤት በሁለት ቀን ውስጥ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር የዘር ሐረግ አትሞ በ1,500 ብር ሸጦልኝ ነበር። በዚያ ወረቀት ላይ አያቴ ዊሊያም ኢድሪስ ጆንስ ይባላል። ኢድሪስ የዌልስም ስም መሆኑን የማያውቅ ወሎዬ እንዴት ደስ እንደሚለው መገመት አያስቸግርም። የፒያሳው ወጣት ግን ወረቀቱን እንዳየ የሞት መዝገብ ማውጫውን ከፈተ፤ ማውጫው ከ1866 ጀምሮ የሟቹን ዕድሜ ስለሚይዝ፣ ዊሊያም ኢድሪስ በዚያው በግላሞርጋን፣ በፖንቲፕሪድ ወረዳ በሦስት ዓመቱ መሞቱን አሳየኝ።

የዚህ ቤት ብልሃት አያቴን ትቶ በዙሪያው ያሉትን መፈለጉ ነው። መስከረም 29 ቀን 1939 በተካሄደው የእንግሊዝና የዌልስ ምዝገባ ውስጥ በውትድርና ላይ የነበሩ ሰዎች አይገኙም፤ ሆኖም ደብተሩ ላይ ባለው መንገድ ማርጋሬት ሚቫንዊ ከምትባል ልጇ ጋር ተመዝግባለች። ሚቫንዊ እንደ ዊሊያም በየቤቱ የሚገኝ ስም ስላልሆነ፣ በሰኔ 1921 የሕዝብ ቆጠራ ከቀሩት ሦስት ቤተሰቦች ትክክለኛውን ለየችልን። ያ ቆጠራ ዕድሜን በዓመትና በወር ስለሚጽፍ፣ ወንድሟ ዊሊያም ሰባት ዓመት ከሦስት ወር ሆኖ መገኘቱ ከደብተሩ ጋር ገጠመ። የልደት ማውጫው ደግሞ እናት ከጋብቻ በፊት የነበራትን የቤተሰብ ስም ስለሚሰጥ፣ ከሚቫንዊ ልደት ፕሮሰር የሚለውን ስም አገኘን፤ ጆንስንና ፕሮሰርን አጣምሮ ሲፈልግ ዊሊያምም ወጣ። ያም ቢሆን የወጣው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ክፍል ነው፤ ልደት በ42 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ስለሚፈቀድና ማውጫው የሚከፈለው በምዝገባው ጊዜ ስለሆነ፣ በመጋቢት የተወለደ ልጅ በቀጣዩ ሩብ ዓመት ሊገኝ ይችላል።

አገልግሎቱ እንከን የለሽ ነው አልልም። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀጠሮ ይዛወራል፤ ቆጠራውን ለማየት በውጭ ምንዛሪ መክፈል ስለሚያስፈልግ፣ ወጣቱ ውጭ ያለ ወንድሙ እስኪከፍልለት ሁለት ሳምንት ጠብቄያለሁ። ከመጀመሪያው ቤት የበለጠ ገንዘብም አውጥቻለሁ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ስም ከየትኛው መዝገብ፣ ቅጽና ገጽ እንደተወሰደ ጽፎ ስለሚሰጥ አልቆጨኝም። ለመሄድ የሚያስብ ሰው ቅርብ ዘመድ፣ አድራሻ ወይም የወንድምና የእኅት ስም ያለበትን ማንኛውንም ቁራጭ ወረቀት ይዞ ቢሄድ ይጠቅመዋል።

የአያቴን ወላጆች ጋብቻ ስንፈልግ ደግሞ፣ ከ1912 በፊት ያለው የጋብቻ ማውጫ የትዳር ጓደኛን ስም ከጎን አይጽፍም፤ ስለዚህ ወጣቱ ጆንስና ፕሮሰር በአንድ ቅጽና በአንድ ገጽ ላይ የሚገናኙበትን መዝገብ መፈለግ ነበረበት። ከእንግሊዝ ያስመጣነው የጋብቻ ምስክር ወረቀት የሙሽራው አባት ዴቪድ ጆንስ፣ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ፣ ይላል። በ1881 ቆጠራ ግን በአንድ ደብር ውስጥ በዕድሜም በሥራም የሚመሳሰሉ ሁለት ዴቪድ ጆንሶች ተገኙ። አንዱን እንዲመርጥ ለመንኩት፤ ወጣቱ ሐረጉን እዚያው ላይ አቁሞ፣ ከላይ ያለውን ቦታ ባዶ ትቶ አተመልኝ፤ ለዚያ ቀን ፍለጋም አላስከፈለኝም።