«ስቴንለስ ነው፣ ዕድሜ ልክህን አትነካውም» ብለው ከሚሸጡላችሁ ብሎን ተጠንቀቁ

የድሬ ልጆች፣ መኪናችሁ ላይ ፖርቶመጋላ፣ የጎን መርገጫ ወይም ተጨማሪ መብራት ልታስገጥሙ ያሰባችሁ ይቺን አንብቡልኝ። እኔ የከፈልኩትን እናንተም እንዳትከፍሉ ነው።

ዓምና ለፒክአፔ ፖርቶመጋላ ገዛሁ። ሻጩ ከዕቃው ጋር የመጡትን ብሎኖች አየት አደረገና «እነዚህ ይዝጋሉ፣ ስቴንለስ ላድርግልህ፣ ዕድሜ ልክህን አትነካውም» አለኝ። ከተራው 3 እጥፍ ከፈልኩ። ገጣሚው ልጅ በኮምፕረሰር በሚሠራው መፍቻ እያጮኸ በ10 ደቂቃ ጨረሰ። ግሪስ የለ፣ ዘይት የለ። ቅልጥፍናው ደስ ብሎኝ አመስግኜ ወጣሁ።

ባለፈው ወር ላወርደው ፈለግሁ። የመጀመሪያው ብሎን ሩብ ዙር ዞረ፣ ሲጢጥ አለ፣ ከዚያ ቀጥ። ወደፊትም ወደኋላም እምቢ አለ። ጉልበት ስጨምር አናቱ ተቀንጥሶ ቁልፉ ውስጥ ቀረ። ሦስተኛው ደግሞ ባሰ። ጣሪያው ውስጥ የተቀበረው ዳዶ አብሮ ዞሮ ላሜራውን ቀደደው። ወደ ሻጩ ስመለስ «ውሃ ገብቶበት ዝጎ ነው» አለኝ፣ ለማስወጣትም ሌላ ሒሳብ ጠየቀኝ።

ዝገት አልነበረም። ድሮ በባቡሩ ወርክሾፕ ቶርኖ ላይ የሠሩ አንድ ጎረቤታችን ቁራጩን መዳፋቸው ላይ አገላብጠው «ልጄ፣ ይሄ ተበያይዷል እንጂ አልዛገም» አሉኝ። ጠጋ ብዬ አየሁት። ቡናማ ነገር የለበትም፣ ያብረቀርቃል። ግን ጥርሱ ተልጧል፣ የዳዶው ብረት እየተፋቀ እላዩ ላይ ተለጥፏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስቴንለስ የማይዝገው በውስጡ ያለው ክሮሚየም ከአየር ጋር ተገናኝቶ ስስ ልባስ ስለሚሠራለት ነው። ስቴንለስ ብሎን ስቴንለስ ዳዶ ውስጥ ደረቁን ሲጠብቅ ግን ጥርስ ለጥርስ ይፋተግና ልባሱ ይላጣል። ራቁቱን የቀረው ብረት ከራቁት ብረት ጋር ያለ እሳት ይበየዳል። በፍጥነት ሲጠብቅ ይግላል፣ ሲግል ይብሳል። በዚህ ላይ የድሬን አቧራ ጨምሩበት። ስለዚህ የዝገት ማስለቀቂያ ብትነፉበት ብዙም አይረዳችሁም።

ሌላም ጉድ አለ። ከ8ቱ ብሎኖች 2ቱን ካላሚታ ጥርቅም አድርጎ ያዛቸው። ለብሎን የሚሆነው የተለመደው ስቴንለስ ካላሚታን ወይ አይስብም፣ ወይ ትንሽ ብቻ ይስባል። አናቱ ላይም «ኤ2-70» ወይም «ኤ4-80» የሚል፣ የስቴንለሱን ዓይነትና ጥንካሬ የሚናገር ጽሑፍ ፈልጉ። ምንም ያልተጻፈበትን በስቴንለስ ዋጋ አትግዙ።

ስቴንለስ ከሁሉም ይጠነክራል የሚሉትንም አትመኑ። 70 የተጻፈበት ሲጎተት 700 ሜጋፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ ነው) ይችላል፣ 8.8 የተጻፈበት ተራ ብሎን ግን 800። መጎተቻ፣ የደህንነት ቀበቶና የእግር ዕቃ ላይ መኪናው የመጣበትን ብሎን የጥንካሬ ቁጥር አትቀይሩ። የጃፓን መኪና ላይ 10 ሚሊ ብሎን ብዙ ጊዜ ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት 1.25 ሚሊ ነው፣ ሱቅ ላይ የሚበዛው 1.5። መጀመሪያ በጣት አስገቡት። በጣት ብዙ ዙር ካልሄደ አይሆንም፣ ተዉት።

እኔ አሁን ቦዲው ውስጥ ለተቀበረ ዳዶ ዚንክ የተቀባ 8.8 ነው የምጠቀመው። አቦ፣ ድሬ ደረቅ አገር ነው፣ ግሪስ ከነካው ዓመታት ይቆያል። ስቴንለስ የማደርገው ዳዶው ከኋላ በእጅ በሚደረስበት ቦታ ብቻ ነው፣ እሱንም ለብሎን የተሠራውን የመዳብ ወይም የኒኬል ቅባት ጥርሱ ላይ ቀብቼ፣ በእጅ ቁልፍ ቀስ እያልኩ። ቅባት ስላለው ይንሸራተታል፣ ስለዚህ እንደ ደረቁ አታጥብቁት፣ ይበጠሳል። ሲፈታ መጠጠር ከጀመረ አቁሙ። ዘይት ጠብ አድርጉ፣ ትንሽ መልሱ፣ እንደገና ሞክሩ። እምቢ ካለና ዳዶው የሚታይ ከሆነ ዳዶውን በግራይንደር ቁረጡት። አንድ ዳዶ ከጣሪያ ላሜራ ይረክሳል።

ላስገጥም ስሄድ ቅባቱን በኪሴ ይዤ ነው። ገጣሚው «አያስፈልግም» ካለኝ መኪናዬን አስነስቼ እወጣለሁ።