ወደ ስፒቲ ሸለቆ፦ በማናሊ ወይስ በሺምላ?

በሰሜን ሕንድ፣ በሂማቻል ፕራዴሽ ግዛት ወደሚገኘው ስፒቲ ሸለቆ የሚያደርሱት ሁለት ዋና መንገዶች በርዝመታቸው ብቻ ሳይሆን በሰውነት ላይ በሚያሳድሩት ጫናም ይለያያሉ።

ከማናሊ እስከ ስፒቲ ዋና ከተማ ካዛ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በመኪና በአንድ ቀን ይዘለቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የተከፈተው የአታል ዋሻም ጉዞውን አሳጥሮታል። ሆኖም 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ያደረ መንገደኛ በማግስቱ ከራስ ዳሽን ጫፍ ጋር የሚቀራረብ ከፍታ ያለውን የኩንዙም መተላለፊያ ይሻገራልና፣ ማታ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ቢይዘው አይደንቅም። ደጋ ማደግም ለዚህ ዋስትና አይሆንም። በበረዶ ወራት መተላለፊያው ጭራሹኑ ይዘጋል።

የሺምላው መንገድ እጥፍ ይረዝማል፤ ነገር ግን የሰትለጅን ወንዝ ተከትሎ ጥቂት በጥቂት ስለሚወጣ ሰውነት የኦክስጅን ማነስን ይላመዳል፤ ካዛ ከመድረሱም በፊት በታቦ ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በ996 የተመሠረተው ይህ የቡድሃ እምነት ገዳም ከውጭ ሲያዩት ተራ የጭቃ ቤት ይመስላል፤ በጨለማው አዳራሽ ውስጥ ዓይን እስኪለምድ ጥቂት ለቆመ ሰው ግን፣ ከግድግዳው ወጣ ብለው የተቀመጡት የጭቃ ቅርጾችና በዙሪያቸው ያሉት ሥዕሎች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ።

እኔ በሺምላ ገብቶ በማናሊ መውጣትን እመርጣለሁ። የሺምላው መንገድ የሚያልፍበት የኪናውር አውራጃ ከቲቤት ድንበር ስለሚቀርብ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘን ጨምሮ የውጭ ዜጋ ሁሉ አስቀድሞ ልዩ የይለፍ ፈቃድ ማውጣት አለበት።