ባለ 20 ብሎኬት በድሬ ሙቀት፦ ከ9 ወር ኑሮ በኋላ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የሠራነው ቤት የገባነው በጥቅምት ነው። ግድግዳው ባለ 20 ብሎኬት ነው፣ ማለትም 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ መሃሉ ቀዳዳ የሆነ የኮንክሪት ብሎኬት፤ ውስጡም ውጪውም በሲሚንቶ ተለስኗል። እስከ የካቲት የሚያስከፋ ነገር አላየሁበትም። መጋቢት ሲገባ ግን የምዕራቡ ግድግዳ ጉዱን አወጣ።

የልጆቹ መኝታ በዚያ በኩል ነው። ቀን ላይ ክፍሉ ብዙም አያስቸግርም። ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ ደጁ ነፈስ ሲል፣ ግድግዳውን በመዳፌ ስነካው አሁን ከእሳት የወረደ ምጣድ ነው የሚመስለው። ትንሿ ልጄ ፍራሿን እየጎተተች መሃል ወለሉ ላይ ትተኛ ነበር።

መጀመሪያ ያማረርኩት ቆርቆሮውን ነው። ኋላ ነገሩ ገባኝ። ከ8 እስከ 11 ሰዓት ያለው ፀሐይ ግድግዳውን ፊት ለፊት ያገኘዋል። ኮንክሪት ሙቀቱን ይጠጣል፤ ወደ ውስጥ እስኪያሻግረው ግን ሰዓታት ይፈጅበታል። ስለዚህ የከሰዓቱ ፀሐይ እኛ ጋ የሚደርሰው ልንተኛ ስንል ነው። የብሎኬቱ ቀዳዳ አየር ስለያዘ ሙቀት ይከለክላል ብዬ ነበር። አየሩስ ይከለክላል፤ ሁለቱን ፊቶች የሚያያይዘው ኮንክሪት ግን ያሳልፈዋል።

ሐረር ጀጎል ያለው የአክስቴ ቤት በቀትር ቀዝቃዛ ነው። ድንጋዩ ራሱ ከኮንክሪት ብዙ የተሻለ ሙቀት ከልካይ ሆኖ አይደለም። ውፍረቱ ነው፤ አንድ ክንድ ይሆናል። ሙቀቱ ውስጥ ሳይዘልቅ ይመሻል። እርግጥ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ፣ ድሬ ደግሞ 1,200 ገደማ ላይ ስለሆኑ ማወዳደሩ ትንሽ ያዳላል። አክስቴ ግን የቤቴን ግራጫ ልስን እንዳየች፣ «ምነው ልጄ፣ ኖራ እንኳ አታስቀቢውም?» አለችኝ።

ግንቦት ላይ ሁለት እጅ ነጭ ኖራ አስቀባሁት። ግራጫው ልስን አብዛኛውን ፀሐይ ይውጥ ነበር፤ ነጩ አብዛኛውን ይመልሰዋል። በዚያው ሳምንት ለውጡ በእጅ ታወቀኝ። ማታ ግድግዳው ለብ ይላል እንጂ አያቃጥልም። ከጣሪያው ጠርዝ ሸራ ስንዘረጋ ደግሞ ይበልጥ ተሻለ። ሲመሽ መስኮቶቹን በሙሉ እንከፍታለን፤ ግድግዳው የያዘውን ሙቀት የሚለቀው ያኔ ነው።

የኖራው ችግር ልብስ ማቆሸሹ ነው። የሐምሌ ዝናብም ቦታ ቦታውን አጥቦታል፤ መስከረም ላይ እደግመዋለሁ።

እንደገና ብሠራ ብሎኬቱን አልቀይርም። ዋጋው ለእኛ ዓይነቱ ቤት የሚቻል ነው፣ ጥንካሬውም አላሳፈረኝም። መኝታ ቤቱን ግን ወደ ምሥራቅ አዞረው ነበር። ፕላኑን የሠራልን ሰው ስለ ፀሐይ አንድም ቃል አልተነፈሰም፤ ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከግድግዳው ራቅ አድርጌ የኒም ዛፍ ተክያለሁ። ገና ጉልበቴ ጋ አልደረሰም። እስኪያድግ ሸራው ይቆያል።