«ክላሲካል» በሚል ስም የሚሸጡ ሁለት ክርስቲያናዊ ሥርዓተ ትምህርቶች፣ ከሻርሎት ሜሰን ዘዴና ከኤሲኢ ጋር ሲነጻጸሩ

ለልጁ ክርስቲያናዊ ሥርዓተ ትምህርት ሊገዛ የተነሣ ወላጅ አስቀድሞ የሚመለከተው የመጻሕፍቱን ዝርዝር፣ የክፍል ደረጃውንና ዋጋውን ነው። ይሁን እንጂ ከመጻሕፍቱ በስተ ጀርባ «ልጅ ምንድን ነው? እንዴትስ ይማራል?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ አለ፤ የእያንዳንዱን ቀን ውሎ የሚወስነውም ይኸው መልስ ነው። «ክላሲካል» የሚለው ስያሜ በዚህ ረገድ ገዢን በቀላሉ ያሳስታል፤ ምክንያቱም በአንድ ስም የሚቀርቡት ሐሳቦች ሁለት ናቸው፣ እነርሱም ዘወትር አይስማሙም። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ለየብቻ ካየሁ በኋላ፣ ወላጆች ብዙ ጊዜ አብረው ከሚያመዛዝኗቸው ከሻርሎት ሜሰን ዘዴና ኤሲኢ (አክሰለሬትድ ክሪስቺያን ኤጁኬሽን) ተብሎ ከሚታወቀው ተማሪው በራሱ ከሚማርበት ፕሮግራም ጋር አነጻጽራቸዋለሁ።

የሁለቱም ክላሲካል ዘርፎች ምንጭ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የትምህርት መሠረት የነበሩት ሰባቱ ነጻ ጥበባት ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ሰዋስው፣ አመክንዮና የንግግር ጥበብ በአንድነት ትሪቪየም ይባላሉ፤ የሒሳብ፣ የጂኦሜትሪ፣ የሙዚቃና የሥነ ፈለክ ትምህርቶች ደግሞ ኳድሪቪየም ይባላሉ። የልዩነታቸው ምንጭ ትሪቪየምን የሚተረጉሙበት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ዘርፍ መነሻ እንግሊዛዊቷ ደራሲ ዶሮቲ ሴየርስ እ.ኤ.አ. በ1947 በኦክስፎርድ ያቀረበችው ንግግር ነው። ሴየርስ ሦስቱን ጥበባት ከልጅ የዕድገት ደረጃዎች ጋር አዛመደቻቸው። ትንሹ ልጅ እንደ በቀቀን የሰማውን መድገም ስለሚወድ በዚያ ዕድሜ ሰዋስውን፣ ማለትም የየትምህርቱን መሠረታዊ መረጃ በቃሉ ይያዝ፤ ቀጥሎ መከራከርና ለሰው ንግግር መልስ መስጠት ሲያምረው አመክንዮን ይማር፤ በጉርምስናው ራሱን መግለጽ ሲሻ ወደ ንግግር ጥበብ ይሻገር አለች። ሐሳቡ ውብ ነው፤ በተግባርም ብዙ አስተማሪዎችን ረድቷል። ነገር ግን ይህ አከፋፈል የእርሷ እንጂ የመካከለኛው ዘመን ትምህርት ቤቶች እንዳልሆነ ገዢው ማወቅ አለበት፤ በዚያ ዘመን ሰዋስው በዋናነት የላቲን ቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ንባብ ነበር እንጂ የዕድሜ እርከን አልነበረም። ሴየርስ ራሷ የማስተማር ልምዷ እጅግ ጥቂት መሆኑን በንግግሯ መግቢያ በግልጽ ተናግራለች። ሐሳቧ ወደ ትምህርት ቤት የገባው ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት የተከፈተው ሎጎስ ትምህርት ቤት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው።

በገበያ ላይ ይህን ትርጓሜ በጉልህ ከሚያሳዩት መካከል እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተው ክላሲካል ኮንቨርሴሽንስ የተባለው ፕሮግራም ይገኝበታል። ቤተሰቦች በሳምንት አንድ ቀን ይሰበሰባሉ፤ ትንንሾቹ ልጆች በዓመት ለ24 ሳምንታት በየሳምንቱ አዲስ የታሪክ፣ የሳይንስ፣ የጂኦግራፊ፣ የሒሳብ፣ የእንግሊዝኛ ሰዋስውና የላቲን መረጃ በዜማና በድግግሞሽ ይይዛሉ፤ ይዘቱ በሦስት ዓመት ዙር ይመላለሳል። የቀሩትን ቀናት የሚያስተምረው ወላጅ ነው። ስለዚህ ከዚህ ፕሮግራም የሚገኘው ትልቁ ነገር ማኅበሩና የጋራ ዜማው ነው፤ የንባብና የሒሳብ ትምህርቱን በየዕለቱ የሚሸከም ሙሉ ጥቅል አድርጎ የሚገዛው ሰው ግን ብዙ ክፍተት ያገኝበታል።

ሁለተኛው ዘርፍ ትሪቪየምን በጥሬ ትርጉሙ፣ ሊጠና የሚገባ የጥበብ ይዘት አድርጎ ይወስደዋል፤ ሰዋስው ማለትም በቀጥታ የላቲን ሰዋስው ነው። በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት የሚገኘው ሜሞሪያ ፕሬስ የተባለው አሳታሚ የዚህ ሐሳብ ጥሩ ማሳያ ነው። ላቲን በሁለተኛ ክፍል አካባቢ ተጀምሮ ለዓመታት ይቀጥላል፤ የትምህርቶቹም ቁጥር ሆን ተብሎ የተወሰነ ነው፤ መርሁ ሙልቱም ኖን ሙልታ፣ ማለትም «ብዙ ነገር ሳይሆን በጥልቀት» የሚል ነው። ዓላማው የቃላት ክምችት ብቻ አይደለም። በላቲን የስም መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት ፊደል ባለቤቱንና ተሳቢውን ስለምትለይ፣ ልጁ ሳያጤን ማለፍ አይችልም፤ ስለዚህ ላቲን የአእምሮ ሥርዓት ማስያዣ ተደርጎ ይታያል። ሰዋስው በግእዝ መሰላል ማለት መሆኑን ለሚያውቅ የእኛ አንባቢ ይህ አመለካከት እንግዳ አይሆንበትም፤ በመጀመሪያው ዘርፍ ልጁ ከመሰላሉ በታች የሚሰበስበው ብዙ ነው፣ በሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ መሰላሉን ራሱን ይወጣል።

በእኔ ግምት የሁለቱ ዘርፎች ልዩነት ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በቃል ጥናት ላይ ነው። በቀቀን ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ የነገሥታትን ዝርዝርና የሳይንስ ትርጓሜዎችን በደስታ ይዘምራል፤ ነገር ግን ስለ እያንዳንዱ ነገር አንድም ታሪክ ሳይሰማ ካለፈ የያዘው ስም ብቻ ይሆናል። «ትርጉሙ በኋላ ይመጣል» የሚለው ክርክር እውነት የሚሆነው፣ በኋላ የሚያመጣው አስተማሪ በእርግጥ ካለ ብቻ ነው። በላቲን ተኮሩ ዘርፍ ልጁ በቃሉ የያዘው የስም እርባታ በዚያው ሳምንት አረፍተ ነገር ለማንበብ ይውላል፤ ድካሙ ግን ረጅም ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚያቋርጠው ቤተሰብ ፍሬውን ሳያይ ይቀራል።

የሻርሎት ሜሰን (1842–1923) መነሻ ከሁለቱም ይለያል። ይህች እንግሊዛዊት አስተማሪ ከመርሆዎቿ ሁሉ አስቀድማ ያስቀመጠችው፣ ልጆች ሲወለዱ ጀምሮ ሙሉ ሰዎች ናቸው የሚለውን ነው። እንግዲያው ልጅ መረጃ የሚሞላበት ዕቃ ሳይሆን፣ ከታላላቅ ሐሳቦች ጋር በቀጥታ መተዋወቅ የሚችል አእምሮ ያለው ነው። በዚህም ምክንያት መማሪያው ደረቅ የክፍል መጽሐፍ መሆኑ ቀርቶ፣ ጉዳዩን በሚወድ አንድ ደራሲ የተጻፈ ሕያው መጽሐፍ ይሆናል፤ ምንባቡ አንድ ጊዜ ብቻ ይነበባል፣ ልጁም ወዲያው በራሱ ቃል መልሶ ይተርከዋል። ለትንንሾች እያንዳንዱ ትምህርት ከ20 ደቂቃ አይበልጥም፤ ከቤት ውጭ ተፈጥሮን ማጥናትም የሥርዓቱ አካል ነው። ዘዴው ቀላል ይመስላል፤ መልሶ መተረክ ግን ከባድ ሥራ ነው፤ ምርጫ የሚሰጥ ጥያቄ ሳይኖር ጠቅላላውን አደራጅቶ መናገርን ይጠይቃልና። ዘዴውን የሚከተል አምብልሳይድ ኦንላይን የተባለ ሙሉ የንባብ መርሐ ግብር በኢንተርኔት በነጻ ስለሚገኝ፣ ወጪው የመጻሕፍቱ ብቻ ነው። ፈተናና ነጥብ የሚፈልግ ወላጅ ግን እምብዛም አይረካበትም።

እ.ኤ.አ. በ1970 በቴክሳስ የተጀመረው ኤሲኢ የተቃራኒው ጫፍ ነው። ትምህርቱ ፔስ በሚባሉ ቀጫጭን የመለማመጃ መጻሕፍት ተከፋፍሎ ይቀርባል፤ በተለምዶ ለአንድ የትምህርት ዓይነት በዓመት 12 ይመደባሉ። ተማሪው የዕለት ግቡን ራሱ ያስቀምጣል፣ ልምምዱን ራሱ ያርማል፣ ወደሚቀጥለውም የሚያልፈው በፈተናው 80 በመቶ ሲያመጣ ነው። አዋቂው እንደ አስተማሪ ሳይሆን እንደ ተቆጣጣሪ ይቆማል። ለሥራ ለሚወጣ ወላጅ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የሚጎድለው ንግግሩ ነው፤ ባዶ ቦታ መሙላት የለመደ ልጅ በተቃውሞ ፊት ሐሳቡን ለመከላከል የሚለማመድበት ዕድል ጥቂት ነው፤ ክላሲካሉ ትምህርት ግን መድረሻው ይኸው ነው።

እምነትን በተመለከተ አራቱም ክርስቲያናዊ ዓላማ አላቸው፤ የሚለያዩት ክርስቲያን ያልሆኑ ደራሲያንን በሚይዙበት መንገድ ነው። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ቴርቱልያን አቴናና ኢየሩሳሌም፣ ማለትም የግሪክ ፍልስፍናና እምነት ምን ያገናኛቸዋል ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የተነሣው የቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስ በበኩሉ እስራኤላውያን የግብፃውያንን ወርቅ ይዘው እንደወጡ ሁሉ ክርስቲያኖችም በአሕዛብ ፍልስፍና ያለውን እውነት ወስደው ለእግዚአብሔር አገልግሎት ሊያውሉት ይገባል ሲል መለሰ። ክላሲካሎቹ የአውግስጢኖስን መንገድ ስለሚከተሉ ልጁ ከፍ ሲል የጥንቶቹን ባለቅኔዎች ግሪካዊውን ሆሜርንና ሮማዊውን ቨርጂልን ያነባል፤ ሜሰንም ተማሪዎቿ የታላላቅ ሰዎችን ሕይወት የጻፈውን ግሪካዊ ፕሉታርክን እንዲያነቡ ታደርግ ነበር። ኤሲኢ አብዛኛውን ይዘት ራሱ አዘጋጅቶ መጽሐፍ ቅዱስን በየትምህርቱ ያስገባል። ልጃቸው የጣዖታትን ታሪክ ማንበቡ የሚያሳስባቸው ወላጆች ከመግዛታቸው በፊት የላይኛዎቹን ክፍሎች የንባብ ዝርዝር ይመልከቱ፤ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ናሙና ይህን አያሳይም።

በመጨረሻ የሚቀረው የጊዜና የመግቢያ ዕድሜ ጉዳይ ነው። ላቲን የማያውቅ ወላጅ ከሜሞሪያ ፕሬስ ጋር ሲጀምር ከልጁ አንድ ትምህርት ቀድሞ ማጥናት ይኖርበታል፤ የአስተማሪ መመሪያና ቪዲዮ አብሮ መግዛቱም ይጠቅመዋል። ጮክ ብሎ የሚያነብበት ሰዓት ያለው፣ ልጆቹም ዕድሜያቸው የተቀራረበ ቤተሰብ በሜሰን ዘዴ አንዱን የታሪክ መጽሐፍ ለሁሉም በአንድነት ማንበብ ይችላል። የ13 ዓመት ልጅን ከሌላ ትምህርት ቤት አውጥቶ የሚያስገባ ወላጅ ደግሞ ክላሲካሉን ከተመኘ፣ ያለፉትን ዓመታት በቃል ጥናት ለማካካስ ባይሞክር ይሻላል፤ ላቲንን ከመጀመሪያው ደረጃ አስጀምሮ በዚያው ዓመት አመክንዮን ቢያስተምረው ልጁ ከዕድሜው በታች እንደተመደበ አይሰማውም። በሒሳብ ወይም በንባብ ወደ ኋላ የቀረ ልጅ ከሆነ ግን፣ የኤሲኢ የመለያ ፈተና ክፍተቱ የት እንዳለ በየትምህርቱ ለይቶ ስለሚያሳይ፣ አንድ ዓመት በእርሱ አሳልፎ ወደ ክላሲካሉ መሻገርም ይቻላል።